ለተረኞች የሚጻፍ ደብተር

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ አንድ የምስጋና ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ሰዓቱ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። ወረቀቱ ግን እስካሁን አላረፈም። «ያለመታከት»፣ «በቅንነት»፣ «ለትውልድ» ይላል። በእነዚህ ቃላት አልከፋም፤ ከእኔ በፊት ለተሰናበተው የስፖርት መምህርም፣ ከእሱ በፊት ለወጣችው የግምጃ ቤት ሠራተኛም ተሰጥተዋል። ሦስታችንም አልታከትንም፤ ሦስታችንም ቅን ነን። አንድ ሐረግ ግን ለእኔ ተብሎ የተጻፈ አለ፦ «ከክፍል ለቀሩ ተማሪዎች ሳይቀር የዕለቱን ትምህርት በእጃቸው ጽፈው በማዘጋጀት»። ርእሰ መምህሯ ይህን ስታነብ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ትሕትና አልነበረም። ያ ልማድ ከየት እንደ መጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጉሮሮዬ ደክሞ ሐኪም ጮክ ብዬ እንዳልናገር ከከለከለኝ ወዲህ ጊዜ አለኝ፤ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ራሱ የተጻፈውን ምስጋና መጠርጠር ይጀምራል።

በሦስት ቦታ አስተምሬአለሁ። ደሴ ዙሪያ ሁለት ዓመት፣ አሰብ አራት ዓመት፣ የቀረውን ዕድሜዬን አዲስ አበባ። የደሴው አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ስለ እሱ የሚጻፍ ብዙ የለም። የአዲስ አበባዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የቀድሞውን አለቃ ፋይል ቆልፈው የራሳቸውን ይከፍቱ ነበር። መምህር ያደረገኝ አሰብ ነው። መምህርነቴን እንድጠረጥር ያደረገኝም ያው አሰብ ነው።

የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለሁ ነው። ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ሲወጣ ግን አላየሁም። የበረሃ አበል አለው ተባልኩ፤ አበሉም ቬንቲላቶርና በረዶ መግዣ መሆኑን በመጀመሪያው ወር ተረዳሁ። ስለ ገንዘብ ይህ ይበቃል።

የተሰጠኝ ክፍል የሠራተኞች ክፍል ነበር። ተማሪዎቼ ቀን የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ከነዳጅ ማጣሪያው፣ ከወደቡ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ። አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከአርሲ የመጣ አለ፤ የከተማው ተወላጆች የሆኑ፣ ቤታቸው ዓፋርኛና ዓረብኛ የሚናገሩ አሉ። ሁሉም የመጡት ለአንድ ነገር ነው፤ ለማትሪክ። ያለፈ ሰው ኮሌጅ ይገባል ወይም የሥራ ዕድገት ያገኛል፤ ከዚያ ሙቀት የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ክፍሉ የሚጀምረው በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ትንሽ ሲደክማት ነው። ቬንቲላቶሩ ወረቀት ስለሚበትን እያንዳንዱ ተማሪ ከባሕሩ ዳር የለቀመው የራሱ ድንጋይ ነበረው። ሲገቡ ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ ኳ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ትምህርት የሚጀመረው በዚያ ድምፅ ነበር።

የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ ኡስታዝ ዑመር ነበሩ። የራሔይታ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አማርኛ የተማሩት ጢም ካበቀሉ በኋላ፣ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ሲሠሩ ነው። «አንድ ቃል ብሳሳት ሰው ይታሰር ነበር» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «እናንተ ደጋ የተወለዳችሁት ቋንቋችሁን ሳታኝኩ ነው የምትውጡት። እኔ ጥርሴን ሰብሬበታለሁ።»

ነጭ ጨርቅ ውሃ ነክረው አንገታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሲደርቅ ይነክሩታል። ከመጻፋቸው በፊት ጠመኔውን ለሁለት ይሰብራሉ፤ ሙሉው ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጮሃል፣ የተሰበረው አይጮህም። የትም ቢሆን ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው አይቀመጡም። ይህን የመጨረሻውን ልማድ እንደ ሽማግሌ ፈሊጥ ነበር የቆጠርኩት።

በዚያ ዓመት የምናስተምረው ከጥንታዊዎቹ አንዱ የሆነ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ አሳዛኝ ተውኔት ነበር። ተፈቅዶ የገባው የነገሥታትን ክፋት ያሳያል ተብሎ ነው። በስቴንስል ተባዝቶ ስለ ነበር ላብ ሲነካው ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል፤ ብዙ ተማሪ የንጉሡን ንግግር አውራ ጣቱ ላይ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። በጠላት የተከበበች አንዲት የወደብ ከተማ አለች። ንጉሡ የባሕር መብራት የሚጠብቅለት የልጅነት ወዳጅ አለው። አንድ ምሽት መብራቱ ይርገበገባል። ንጉሡ ወዳጄ ለጠላት ምልክት ሰጠ ብሎ ይጠረጥርና ያስገድለዋል። መብራቱ ያለ ጠባቂ ይጠፋል። በማግሥቱ ዘይት ጭኖ ለከተማዋ ይመጣ የነበረው የንጉሡ የራሱ ልጅ መርከብ ጨለማው ውስጥ ድንጋይ ላይ ይሰበራል። መብራቱ የተርገበገበው ዘይት አልቆ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርት እንደ ተማርኩት አስተማርኩ። ተነጻጻሪ ዘይቤ ስንት አለ፣ ተለዋጭ ስንት፣ ሰውኛ የቱ ነው እያልኩ ሰሌዳውን ሞላሁት። ኡስታዝ ዑመር ኋላ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው ሲወጡ፣ «ቆንጆ ነው» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ሰውየው ሰው ሊገድል ነው። አንተ ጌጡን ትቆጥርለታለህ።»

እስከ ዛሬ ዘይቤ የሚያስቆጥር መምህር ስሰማ እጠረጥረዋለሁ። ቆጠራ ከማንበብ ማምለጫ ነው። ቆጥሮ የጨረሰ ተማሪ መልስ አገኘሁ ብሎ ያርፋል፤ የተባለውን ነገር ግን ገና አልሰማውም።

በማግሥቱ ኡስታዝ ዑመር ራሳቸው ገቡ። ጠመኔአቸውን ሰበሩና አራት ጥያቄ ጻፉ፦ ማን ተናገረ? ለማን? ማን ይሰማል? ምን ተዘለለ? «ፍርድ ቤት የተማርኩት ይህን ነው» አሉ። «ትርጉሙ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። እነዚህን አራቱን መልሱ፣ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል። ደብተራችሁ ላይም ንግግር ስትጽፉ ማን ለማን እንዳለው በስም ጻፉ። ስም የሌለው ንግግር ቆሻሻ ነው።»

ከዚያ ንጉሡ ጠባቂውን አስጠርቶ የሚጠይቀውን አንድ ዐረፍተ ነገር አስነበቡ፦ «መብራቱ ለምን ተርገበገበ?» ሦስት ጊዜ እንዲነበብ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ለወዳጅ። አንድ ጊዜ ለጠላት። አንድ ጊዜ ደግሞ ወዳጅ ይሁን ጠላት ለማታውቀው ሰው።

የወዳጁን ግርማ አነበበው። ግርማ የወደብ ክሬን ነጂ ነው፤ አፉ አያርፍም። የጠላቱን ዘሐራ አነበበችው። ዘሐራ የከተማው ልጅ፣ የወደቡ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት፤ ስታነበው ግርማ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «በስመ አብ! አንቺ እኮ ሰው ገድለሻል» አላት።

«ገና አንተ ቀርተሃል» አለችው።

ሦስተኛውን ማንም አልቻለውም። አንዱ ሲያነበው ወዳጅ ይሆናል፣ ሌላው ሲያነበው ጠላት። በመጨረሻ ኡስታዝ በግድግዳው በኩል ወደ ተቀመጠ ሰው ጠቆሙ። «አንተ፣ በላቸው።»

በላቸው ከማጣሪያው የጥገና ክፍል ነው፤ የጎጃም ሰው፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ። ሰማያዊ ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኖ ይይዛል፤ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ተነሣና አነበበው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በትሕትና፣ ፈገግ ሊል የተዘጋጀ ያህል።

«ይኸው» አሉ ኡስታዝ። «ይህ ንባብ ጩኸት አያስፈልገውም።»

እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ይህ ሰው እንዲህ መጠየቅን ከየት ተማረ?

ያን ዘመን ያልኖረበት ሰው ይህን ሐሳብ እብደት ሊለው ይችላል። ያኔ ሁላችንም በሦስተኛው ንባብ ነበር የምንነጋገረው። ሱቅ ገብተህ ስኳር አለ ወይ ስትል እንኳ ድምፅህን ታስተካክላለህ። የመምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ ሲገባ ወሬው ወደ ሙቀት ይዞራል፤ ስለ ሙቀት የተነገረው ሁሉ ቢሰበሰብ የአሰብ አየር ጠባይ በዓለም ከተጠና ሁሉ የበለጠ የተጠና ይሆን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የንጉሡን የአደባባይ ንግግር እያስተማርኩ ነበር። ንጉሡ ለሕዝቡ እኔ አልፈራም እያለ ይደጋግማል። ድል ሲወራ «እኔ» ይላል፤ ጥፋት ሲወራ «እናንተ»። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው አገኙት፤ እኔ ደስ ብሎኝ ሰሌዳው ላይ አሰመርኩ። ግርማ ከኋላ፣ «መምህር፣ ይሄ ሰውዬ የኛን የሰኞ ስብሰባ ነው እንዴ የሚመራው?» አለ።

የሰኞው ስብሰባ በየመሥሪያ ቤቱ ካድሬ የሚመራው ነው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቄ ቀና ስል በላቸው ሲጽፍ አየሁት። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። የጨመረው እኔ መሳቄን እንደ ሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ልክ ነበርኩ። ጽፎታል። ያልገባኝ ለማን እንደ ጻፈው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። በላቸው አንድም ቀን አይቀርም። በፈረቃ የሚሠሩት ሳምንት መጥተው ሳምንት ይቀራሉ፤ እሱ ግን ሁልጊዜ አለ። ለምን? ሌሎች ሲጠይቁ እሱ ይጽፋል። ለምን? ስም እየጠራ ይጽፋል፤ በአጠገቡ ሳልፍ አንብቤአለሁ፣ «ግርማ ለመምህሩ» ይላል። ለምን? በመምህራኑ ክፍል ውስጥ በዘዴ ስጠይቅ የሒሳብ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደዚያ ዓይነቶቹን አንተ ታውቃለህ» አለኝ። አላውቅም ነበር፤ ግን አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ትምህርቴን ቀየርኩ። በበላቸው ፊት ንጉሡን ማመስገን ጀመርኩ፤ ከተማ ሲከበብ ጥብቅ መሆን ግድ ነው ምናምን አልኩ። ዘሐራ እጇን አወጣች። «እንግዲያው ጠባቂው መሞት ነበረበት?»

«ከንጉሡ ቦታ ሆነሽ ስታይው…» አልኩ።

«እኔ ከጠባቂው ቦታ ነኝ፣ መምህር» አለች። በላቸው ጻፈ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለዳይሬክተሩ ነው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ግልባጩን ለዓመታት ይዤዋለሁ። «ተማሪ በላቸው በክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ፣ የተናጋሪውን ስም እየጠቀሰ የሚጽፍ በመሆኑ፣ ይህም የትምህርቱን መንፈስ ስለሚያውክ፣ ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር አመለክታለሁ።» በጣም ኮርቼበት ነበር። አልከሰስኩትም፤ ስም አላጠፋሁም። እውነት ብቻ ነው የጻፍኩት። ዳይሬክተሩ ገብቶት በለሆሳስ ያዛውረዋል፣ እኔም እንደ ገና መሳቅ እችላለሁ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ንጉሡ በጥርጣሬ ወዳጁን ያስገደለበትን ክፍል ያስተማርኩ ሰው ረቡዕ ይህን ጻፍኩ።

ዳይሬክተሩ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የደረሰን ማንኛውንም ወረቀት «ለሚመለከተው» ብሎ ጽፎ ወደ ፊት ያሳልፋል፤ የተሰበረ ወንበር ማመልከቻም ቢሆን። የእኔንም አሳለፈው። ደብዳቤዬ የሰኞውን ስብሰባና ካድሬዎቹን ወደሚቆጣጠረው፣ ስሙን ጮክ ብለን ወደማንጠራው ጽሕፈት ቤት ደረሰ።

በላቸው የእነሱ ሰው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬን ቀድደው በእኔ ይስቁ ነበር። አልነበረም። እንዳልነበረ ደግሞ በከተማው ውስጥ በእርግጠኝነት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቁ፦ የእኛ ካልሆነ ለማን ነው የሚጽፈው? ጦርነት ባለበት አገር፣ ነዳጅ በሚጣራበት ከተማ፣ የሚነገረውን ሁሉ በስም የሚመዘግብ የማጣሪያ ሠራተኛ። አርብ ከሥራ ሲወጣ በር ላይ ወሰዱት። ደብተሩንም።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዮቹ ኳ ኳ ሲሉ አንዱ ጎደለ። ትምህርቱ ሳይጀመር ዘሐራ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«መምህር፣ ደብተሩን እንዴት ነው የምናገኘው?»

«የምን ደብተር?»

«የበላቸውን ነዋ! ፈረቃ ያሉት ሰዎች እኮ ጨነቃቸው። ማትሪክ ደርሷል፤ በምን ያጥኑ?»

አልገባኝም። ልጅን እንደሚያስረዳ ሰው ዝግ ብላ ነገረችኝ። በላቸው ጥገና ስለ ሆነ ፈረቃ አይገባም፤ የሚጽፈው ለሌሎቹ ነው። ደብተሩ ከክፍል ወጥቶ በዚያው ምሽት ማጣሪያው ይገባል፣ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይዞራል፣ ጠዋት በዳቦ ቤቱ በኩል ወደ ወደቡ ይሻገራል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ማጣሪያው በር ላይ ለበላቸው ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ቀርተው የሚመጡ ሠራተኞች ጥያቄዬን ሁሉ ሲመልሱ ያየሁት ለዚህ ነበር። እኔ የማስተማሬ ግልጽነት ነው ብዬ ነበር።

«ቀልዱንስ ለምን ይጽፋል?» አልኳት። «የግርማን ቀልድ፣ መሳቄን…»

«እነሱም ይሳቁ እንጂ! ቱቦ ሥር ስምንት ሰዓት ቆመው።» ፊቴን አየች። «ስሙንስ ቢሆን ማን ለማን እንዳለው ጻፉ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁ?»

የሆነ ነገር ሳይገባት አልቀረም፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ግርማ በዚያ ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረም።

ረቡዕ እኔን ጠሩኝ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ በአሰብ እንዲያ የሚቀዘቅዝ ክፍል አይቼ አላውቅም። ሰውየው ሻይ አቀረበልኝ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ደብዳቤዬ ፊቱ ነበር። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«እውነት ሁሉንም ነገር ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

ያንን ድምፅ አወቅሁት። ክፍሌ ውስጥ በላቸው ያነበበው ነው፤ ወዳጅ ይሁን ጠላት ለማታውቀው ሰው የሚነበበው። መልሱን ከሰኞ ጀምሬ አውቃለሁ። ለተረኞቹ ነው፣ ማትሪክ ስላለባቸው ነው፣ በስም ጻፉ ያልነው እኛ ነን። ሦስት ዐረፍተ ነገር ናቸው። ግን ይህን ካልኩ ደብተሩን ፊቴ ገልጠው ገጽ በገጽ አስረዳ ይሉኛል፤ ከተገለጠ የሰኞ ስብሰባ ቀልድ አለ፤ ከቀልዱ ቀጥሎ መምህሩ ሳቀ የሚል አለ። ሻዬን አነሣሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዋሸሁት ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ የምትበቃቸው እሷው ነበረች። እስከ በሩ ሸኘኝ።

ለኡስታዝ ዑመር በማግሥቱ ነገርኳቸው፤ ለመናዘዝ ሳይሆን ምከሩኝ ብዬ ነው። የደብዳቤውን ግልባጭ ጠየቁኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አነበቡት። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡት። እንደ ወዳጅ። እንደ ጠላት። ሦስተኛውን ሳይጀምሩት ወረቀቱን አጠፉት።

«ማን ተናገረ፣ ደህና ጽፈሃል» አሉ። «ለማን፣ ለዳይሬክተሩ ብለሃል። ሦስተኛውን ጥያቄ ዘለልከው።»

ማን ይሰማል። እኔም ከእሳቸው ተቀብዬ ያስተማርኩት ነው።

«አሁን ምን ላድርግ፣ ኡስታዝ?»

«አንተ ትላንት አድርገሃል።» ጨርቃቸውን ከባልዲው ነክረው ጨመቁ፣ አንገታቸው ላይ አደረጉ፣ የስቴንስሉን ጥራዝ ከመደርደሪያው አወረዱ። «ማንበብ የማይችል ሰው እጅ የገባ ደብተር ነው። አስተርጓሚ ይፈልጋል። ያ ሥራዬ ነበር።»

አብሬአቸው ልሂድ አላልኩም። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስተርክ፣ በራሴ ውስጥም ቢሆን፣ ልሂድ እንዳልኩና እሳቸው እንደ ከለከሉኝ አድርጌ እጀምረዋለሁ። እውነቱ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ቆመው አልጠበቁኝም።

አራት ቀን ተመላለሱ። ደብተሩን ገጽ በገጽ፣ ከተውኔቱ ጋር እያስተያዩ ተረጎሙላቸው፤ ይህ የንጉሡ ነው፣ ይህ የተማሪ መልስ ነው፣ ይህ ጥያቄ የእኔ ነው፣ ጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ እያሉ። ቀልዱ ጋ ሲደርሱ ምን እንዳሉ አልነገሩኝም። ግርማን ማንም አልጠራውም፤ እኔንም ደግሞ አልጠሩኝም። ኡስታዝ ዑመር ግን በወሩ መጨረሻ ከኃላፊነት ተነሥተው በይሉል በምትባል የባሕር ዳር መንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊደል እንዲያስቆጥሩ ተመደቡ። ሲሄዱ የተውልኝ ግማሽ ጠመኔ ነው። ምናልባት ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቶ ይሆናል። ምሳሌ አድርጌ ልወስደው ፈልጌ ነበር፤ ግን እሳቸው ምሳሌ የሚወዱ ሰው አልነበሩም።

በላቸው የተፈታው የማትሪክ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከአንድ ዓመት ዝግጅት በኋላ የፈተናው ቀን እዚያው ሆኖ አለፈበት። ተረኞቹም ያለ ደብተር ተፈተኑ፤ ብዙዎቹ ወደቁ። ዘሐራ አለፈች፤ አሥመራ ሄደች፤ ከመሄዷ በፊት ከሁሉም ስትሰናበት እኔን ዘለለችኝ። የተዘለለውን ማየት ያስተማርናት እኛ ነን።

መስከረም ላይ እንደ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል ገባሁ። ድንጋዮቹ ኳ ኳ አሉ። በላቸው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ የለም፣ ምክንያቱም ድንጋይ የሚይዘው ወረቀት የለም። ደብተር አላመጣም፣ እስክሪብቶ አላመጣም። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንዲሁ ያዳምጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ እነዚያን እጆች እያየሁ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ቤቴ መጻፍ ጀመርኩ። የዕለቱን ትምህርት ሁሉ፣ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ማን ለማን እንዳለው በስም ሳይሆን «አንድ ተማሪ»፣ «ሌላ ተማሪ» እያልኩ። በካርቦን ሁለት ቅጂ። ሰኞ ከክፍል በኋላ በላቸውን በሩ ላይ አስቆምኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ «እኔ» የሚለው ቃል ብዙ ነበረበት። እሱ ግን እጁን ትንሽ አነሣ።

«መምህር፣ እዚያ የጠየቁኝ ሰዎች ሦስተኛውን ንባብ ደህና አድርገው ያውቁታል» አለ። ቁጣ የለበትም። የአየሩን ጠባይ እንደሚነግረኝ ያህል ነበር። «ሌላውን ተውት።»

ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። መጀመሪያ በኮሪደሩ በኩል ከኋላዬ ማን እንዳለ አየ።

«ለማን ነው?»

«ለተረኞቹ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ። ፊርማዬ ከታች አለበት።»

ፊርማውን ፈልጎ አገኘው፤ ጣቱን አሳረፈበት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ ገጹን ገልብጦ ኋላውንም፣ ሁሉንም ዝግ ብሎ አነበበ። ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያ ቢያነቡልኝ የምመኘው ንባብ ነበር።

«የእኔ ስም አለበት?»

«የለም።»

«የማንም?»

«የማንም የለም።»

«እንግዲያው እወስደዋለሁ» አለና ሸሚዙ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ አጣጥፎ አስገባው። የማጣሪያው ፊሽካ ሲነፋ በሩን ወጥቶ ተረኞቹን ወደሚጭነው የፈረቃ መኪና ሄደ።